ከልጆችና ከእናቴ ጋር አንድ ሳምንት በጆርጂያ፦ ከአኳሪየሙ ሌላ ምን አለ?

የሦስት ልጆች እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ጤና ይስጥልኝ። የሜሪላንድ ትምህርት ቤቶች እንደተዘጉ፣ በጁን መጨረሻ ማለት ነው፣ ከባለቤቴ፣ ከሦስቱ ልጆቻችንና ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን ከመጣችው እናቴ ጋር ወደ ጆርጂያ ለመሄድ ወስነናል። የባለቤቴ ወንድም የሚኖረው አትላንታ ዳር ባለችው ክላርክስተን አጠገብ ስለሆነ ማደሪያ አያሳስበንም፤ መኪናም የራሳችንን ይዘን እንወርዳለን። ያስቸገረን የጊዜው አከፋፈል ነው። ትልቁ ልጄ 13 ዓመቱ ሲሆን ከፍታና ፍጥነት በሌለበት ቦታ ሁሉ ቶሎ ይሰለቻል፤ መካከለኛዋ ዘንድሮ አራተኛ ክፍልን የምትጨርስ፣ የተጻፈ ነገር ሳታነብ የማታልፍ ልጅ ናት፤ ትንሹ ገና 5 ዓመቱ ነው። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ብዙ ደረጃ መውጣት አትችልም፤ በዚያ ላይ የሐዋርያት ጾም ስለሚሆን የምትበላውን ከወዲሁ ማሰብ አለብን። የጠየቅናቸው ዘመዶች ሁሉ አኳሪየሙንና የኮካ ኮላን ሙዚየም ጠቅሰው ያቆማሉ። ግዛቲቱን በደንብ የምታውቁ፣ ስድስታችንም የየድርሻችንን የምናገኝበትን መንገድ ብታመለክቱን በእጅጉ እናመሰግናለን።

ነዋሪ ዘክላርክስተን

እህቴ፣ ከወዲሁ እንኳን ደህና መጣችሁ እላለሁ። ዘመዶችዎ አኳሪየሙን የሚያነሱት ያለ ምክንያት ስላልሆነ እሱን አይሰርዙት። ከሆም ዲፖ መሥራቾች አንዱ በነበሩት በበርኒ ማርከስ ስጦታ ተሠርቶ በኖቬምበር 2005 የተከፈተ ሲሆን (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)፣ ትልቁ ገንዳ ብቻውን 6.3 ሚሊዮን ጋሎን ውሃ ይይዛል። በገንዳው ውስጥ የሚያልፍ ጥርት ያለ ዋሻ አለ፤ ወለሉ ራሱ ስለሚሄድ እናትዎ አንድ እርምጃ ሳይራመዱ ማንታ ሬይ የተባለው ትልቅ ጠፍጣፋ ዓሣ በራሳቸው ላይ ክንፉን ዘርግቶ ሲያልፍ ያያሉ። ከዋሻው ቀጥሎ ካለው ግዙፍ መስኮት ፊት ለፊት ወለሉ ላይ መቀመጥ ስለሚቻል ትንሹን ልጅዎን ከዚያ ለማስነሳት ይቸገራሉ። የመግቢያው ዋጋ እንደ ቀኑ ይለያያል፤ አስቀድሞ በኢንተርኔት መግዛትና በር ሲከፈት መድረስ ይሻላል። የኮካ ኮላ ሙዚየም ጎረቤቱ ነው። መጠጡ በ1886 እዚሁ አትላንታ በጆን ፔምበርተን የተቀመመ መሆኑን ከሰማችሁ በኋላ የቀረውን ታሪክ ልጆቹ ወዲያው ይረሱታል፤ የማይረሱት የየአገሩ መጠጥ የሚቀመስበትን ክፍል ነው። ቤቨርሊ የተባለውን የጣሊያን መራራ መጠጥ መጀመሪያ ለባለቤትዎ ያቅምሱና ልጆቹ ፊታቸውን ይዩት።

ከሁለቱ መንገድ ተሻግሮ የ1996ቱ የኦሊምፒክ መታሰቢያ ፓርክ አለ። በቀለበቶቹ ቅርጽ ከመሬት የሚፈልቀው ፏፏቴ ሲሠራ ሕፃናት ልብሳቸውን አርጥበው ይጫወታሉ፤ ቅያሪ ልብስ ይያዙ። ለእኛ ግን ከፏፏቴው የሚበልጥ ነገር አለ። በጁላይ 28 ቀን 1996 ፋጡማ ሮባ በዚህች ከተማ የማራቶን ወርቅ ወስዳ በኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆናለች፤ በማግስቱ ደግሞ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የ10,000 ሜትሩን ወርቅ ወስዷል። ሁለቱም ድሉን የጨረሱበት ስታዲየም ከመሀል ከተማው በስተ ደቡብ ሲሆን፣ በኋላ የቤዝቦል ሜዳ ሆኖ አሁን የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ይጫወትበታል። ችቦው ሲነድ የነበረበት ማማ እስካሁን በአቅራቢያው ቆሟል። ለቱሪስት ተብሎ የተዘጋጀ ብዙ ነገር የለውም፤ ቢሆንም የእኛ ልጆች መኪና አቁመው አንድ ፎቶ ሊነሡበት የሚገባ ቦታ ነው እላለሁ።

ከዚያው ፓርክ አጠገብ የሚነሳው የከተማ ባቡር ወደ ማርቲን ሉተር ኪንግ ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ያደርሳል። መግቢያው ነፃ ነው። በአሮጌው የኤቤኔዘር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቁጭ ብለው የዶክተር ኪንግን የተቀረጸ ድምፅ ሲሰሙ እናትዎ እንግሊዝኛውን ባይከተሉት እንኳ ስብከት መሆኑን አይስቱትም። ለ5 ዓመቱ ልጅ ደግሞ በዚያው ሰፈር ያለው የድሮ የእሳት አደጋ ጣቢያ ቀይ መኪና ይበቃዋል። ዶክተር ኪንግ የተወለዱበት ቤት ግን ለእድሳት ተዘግቶ የቆየ ስለሆነ ከመሄዳችሁ በፊት የፓርኩን ድረ ገጽ ተመልከቱ።

ባለ 18 ጎማው

እኔ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆንኩ ስለ መንገዱ ልናገር። ጆርጂያ ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተ ምሥራቅ ካሉት ግዛቶች ሁሉ በየብስ ስፋት አንደኛ ናት። ከአትላንታ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሄለን ተራራማ አገር፣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያስኬዳል፤ ወደ ሳቫና አራት ሰዓት፣ ወደ ጄኪል ደሴት አምስት ሰዓት ግድም ነው። ይህም የአትላንታ የሥራ መውጫ ሰዓት ካልያዛችሁ ነው። ተራራውንም ባሕሩንም በአንድ ሳምንት አዳርሳለሁ ያለ ቤተሰብ ሲመለስ ደህና አድርጎ የሚያውቀው አውራ ጎዳና 75ን ብቻ ይሆናል። ስለዚህ አትላንታን መነሻ አድርጋችሁ አንዱን አቅጣጫ ምረጡ፤ ከሌላው አንድ የደርሶ መልስ ቀን ብቻ ጨምሩበት።

ወደ ባሕሩ ከወረዳችሁ ሜከን ላይ ሳትቆሙ አትለፉ። ኦክመልጊ በተባለው ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ነባሮቹ የአሜሪካ ሕዝቦች አፈር እየተሸከሙ የከመሯቸው ጉብታዎች አሉ፤ መግቢያው ነፃ ነው። ከሁሉም የሚገርመው ከአፈር ሥር ያለው የጉባኤ ቤት ነው። በጠባብ መተላለፊያ ጎንበስ ብላችሁ ስትገቡ ክብ አዳራሽ ይጠብቃችኋል፤ ዙሪያውን ከሸክላ አፈር የተበጁ መቀመጫዎች አሉ፣ ከፊት ለፊት ደግሞ በንስር ቅርጽ የተሠራ መደብ። ጣሪያው በዘመናችን የታደሰ ቢሆንም ወለሉ 1,000 ዓመት ያህል ያስቆጠረ ነው። ውጭ በሙቀት የተነጫነጨ ልጅ እዚያ ሲገባ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ስለ ሙቀቱም ሳይነገር አይታለፍም። የጆርጂያ ጁን ከሜሪላንድ ጁን ይብሳል፤ የውጭውን ጉብኝት ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት አጠናቅቁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ መብረቅ ያለው ዝናብ የተለመደ ነው። ከሜከን በታች ዓይንና ጆሮ የምትገባ ጥቃቅን ትንኝ አለች፤ አትነክስም ለማለት ይቻላል፣ ግን አታስቀምጥም።

ፍሬሕይወት ዘ ዴኬተር

እስካሁን ስቶን ማውንቴንን ያነሳ አለመኖሩ አስገርሞኛል። ከሚያርፉበት ቤት ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ከዙሪያው ሜዳ 825 ጫማ ከፍ ያለ አንድ ወጥ የግራናይት ዓለት ነው፤ የእግር መንገዱ አንድ ማይል ያህል ሲሆን መጨረሻው ላይ ቀጥ ስለሚል የብረት መደገፊያ ተደርጎለታል። የ13 ዓመቱ ልጅ በእግሩ ይውጣ፤ እናትዎ በኬብል ካር ወጥተው ጫፉ ላይ ይጠብቁት። ቅዳሜ ማለዳ ከወጣችሁ በመንገዱ ላይ አማርኛና ትግርኛ ሳትሰሙ አትመለሱም። ሰማዩ ጥርት ካለ የአትላንታ ሕንፃዎች ከሩቅ ተደርድረው ይታያሉ።

አባ መላ

እህት ፍሬሕይወት፣ በዓለቱ ውበት አልከራከርም፤ ነገር ግን ለአንባቢዎች ያልተነገረ ነገር አለ። በሰሜን በኩል ባለው ገጽ ላይ በፈረስ ተቀምጠው የተቀረጹት ሦስት ሰዎች ጄፈርሰን ዴቪስ፣ ሮበርት ሊና ስቶንዎል ጃክሰን ናቸው፤ ባርነትን ለማቆየት የተዋጋው የኮንፌደሬሽኑ መሪዎች ማለት ነው። ኩ ክላክስ ክላን የተባለው የነጭ ዘረኞች ድርጅት በ1915 ዳግመኛ የተቋቋመው በዚሁ ተራራ ጫፍ ላይ ነው፤ ቅርጹም የተጠናቀቀው ጦርነቱ ካለቀ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1972 ነው። እኔ ለመኪና ማቆሚያ ገንዘቤን ከፍዬ ልጆቼን በዚያ ሥር ማስጫወት አልፈልግም። ግራናይት ላይ መራመድ ለሚፈልግ ሊቶንያ አጠገብ አራቢያ ማውንቴን አለ፤ ጸጥ ያለ ነው።

ፍሬሕይወት ዘ ዴኬተር

አባ መላ የጻፉት ታሪክ እውነት ነው፤ መደምደሚያው ላይ ግን እንለያያለን። የእግር መንገዱ የሚነሳው ከምዕራብ በኩል በመሆኑ ቅርጹ ከዚያ አይታይም። ማየት የሚፈልግ ቤተሰብ ደግሞ ሣሩ ላይ ቆሞ ለልጆቹ ማንነታቸውን መንገር ይችላል። ዶክተር ኪንግ በ1963 በዋሽንግተን ባደረጉት ንግግር የነፃነት ደወል ይደወልባቸው ብለው ከጠሯቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ተራራ ነው፤ ስሙን የጠሩት ደግሞ ምን እንደሚወክል ስለሚያውቁ ነው። አንድ ቀን የዶክተር ኪንግን ቤተ ክርስቲያን፣ በማግስቱ ተራራውን ያየች የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሁለቱን ራሷ ታገናኛቸዋለች። በዙሪያው የሚኖረው ጥቁር ሕዝብና ስደተኛው እኮ በየዕለቱ የሚወጣው ተራራ ነው፤ ለፈረሰኞቹ ትተንላቸው የምንሄድበት ምክንያት አይታየኝም።

መምህርት ከሳቫና

በግልጽ ልናገርና፣ እኔ የባሕሩ ዳርቻ ወገን ነኝ። ሳቫና በ1733 በጄምስ ኦግልቶርፕ የተመሠረተች የግዛቲቱ የመጀመሪያ ከተማ ስትሆን፣ እስከ ዛሬ 22 አደባባዮቿ እንደ ትንንሽ የአትክልት ቦታ ሆነው ቆመዋል። ለቤተሰብ የተመቸች ያደረጋትም ይኸው አሠራሯ ነው፤ የትም ብትሄዱ በየሁለትና ሦስት መቶ ሜትሩ ትልልቅ ዛፎች ጥላ የጣሉበት አግዳሚ ወንበር ስለሚገኝ እናትዎ እያረፉ ከተማውን ማየት ይችላሉ። የሚከብዳቸው ሪቨር ስትሪት የተባለው የወንዙ ዳር መንገድ ነው፤ ድሮ መርከቦች ለክብደት ጭነውት በመጡት ድንጋይ የተነጠፈ ሲሆን፣ ከላይኛው ከተማ የሚያወርዱት የድንጋይ ደረጃዎችም ቀጥ ያሉና ያልተስተካከሉ ናቸው። እሳቸውን በመኪና ወደ ታች አውርዷቸውና ከዚያ ወንዙን የሚያሻግረውን የከተማውን ጀልባ ያዙ፤ ነፃ ነው፤ ትንሹ ልጅም ግዙፎቹ የኮንቴይነር መርከቦች አጠገቡ ሲያልፉ ያያል። ወደቡ ሥራ ላይ ያለ ወደብ በመሆኑ መርከብ ሳያልፍ ብዙ አይቆይም። የባቡር ሙዚየሙም አሮጌ ባቡሮችን አሳፍሮ ስለሚያዞር ለ5 ዓመት ልጅ ከየትኛውም የታሪክ ሕንፃ ይሻላል።

ከሳቫና ወደ ታይቢ ደሴት ሲሄዱ ፎርት ፑላስኪ ይገኛል። ውሃ በተሞላ ቦይ የተከበበ፣ በሚነሣና በሚወርድ ድልድይ የሚገባበት ምሽግ ነው። ግድግዳው 7 ጫማ ተኩል ውፍረት ስላለው ማንም አይደፍረውም ተብሎ ነበር፤ በአፕሪል 1862 ግን አፈሙዙ ውስጥ ጠመዝማዛ ጭረት ባለው በአዲሱ መድፍ ተመትቶ ከ30 ሰዓት ድብደባ በኋላ እጁን ሰጠ። ጥይቶቹ ዛሬም ጡቡ ውስጥ እንደተቀረቀሩ ይታያሉ፤ ልጆች ጣታቸውን እየቀሰሩ ይቆጥሯቸዋል። መካከለኛዋ ልጅዎ በር ላይ የጁኒየር ሬንጀር መጽሔት ትጠይቅ፤ ጥያቄዎቹን ሠርታ ስትጨርስ ቀኝ እጇን አንሥታ ቃል ገብታ ባጅ ትቀበላለች። አራተኛ ክፍል መሆኗም ሌላ ጥቅም አለው፤ የፌዴራሉ መንግሥት ለአራተኛ ክፍል ተማሪዎች የሚሰጠው ነፃ የብሔራዊ ፓርክ ፈቃድ እስከ ኦገስት መጨረሻ ስለሚያገለግል፣ በድረ ገጹ ላይ ተመዝግባ ካወጣችው አብሯት በአንድ መኪና ያለውን ቤተሰብ ያስገባል።

የታይቢ ባሕር ዳርቻ ለመዋኘት ደህና ነው፤ የመብራት ማማው 178 ደረጃ ስላለው ለትልቁ ልጅዎ ተዉለት።

የሦስት ልጆች እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልሳችሁ ከጠበቅኩት በላይ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለ 18 ጎማው እንደመከሩን አንዱን አቅጣጫ መምረጥ አለብን። ባለቤቴ ተራራውን፣ ልጆቹ ባሕሩን ይፈልጋሉ። ትልቁ ልጄ ደግሞ በሜሪላንድ የነበረው ሲክስ ፍላግስ የተባለው የመዝናኛ ፓርክ በ2025 ስለተዘጋበት የጆርጂያውን ካላየሁ ብሏል። ተራራውን በአንድ ቀን ማየት ይቻላል? ለእናቴ ጾምስ ከክላርክስተን ውጭ ምን ይገኛል?

ባለ 18 ጎማው

የምግቡን ጥያቄ ልመልስ። የደቡብ ሰው ከእኛ ጋር የሚጋራው ብዙ ነገር አለው፤ ጎመን፣ አደንጓሬ፣ ባሚያ፣ በቆሎ። ሆኖም ጎመኑን በሳህን ሲያቀርቡልዎት የጾም ነው ብለው እንዳይሳሳቱ፤ በጭስ በደረቀ የአሳማ አጥንት መቀቀል የአገሩ ልማድ ነው፣ አደንጓሬውም እንደዚያው። ‹‹ሥጋ አለበት ወይ?›› ብለው ቢጠይቁ ሥጋ ስለማይታይ የለም ሊሏችሁ ይችላሉ፤ ‹‹በምን ተቀቀለ?›› ብላችሁ ጠይቁ። ያለ ሥጋት የሚበላው ቅቅል ኦቾሎኒ ነው። በየገጠሩ መንገድ ዳር በትልቅ ብረት ድስት ከነልጣጩ በጨው ውሃ ሲንተከተክ ታዩታላችሁ፤ ልጣጩ ለስልሶ፣ ፍሬው እንደ ባቄላ ቅቅል ሆኖ በትኩሱ በከረጢት ይሰጣል። እናቴ ከጆርጂያ ምግብ ሁሉ የተቀበለችው እሱን ብቻ ነው። ኮክም በጁን ወቅቱ ነው፤ ከሜከን ወደ ደቡብ ምዕራብ ባለው የፒች አውራጃ የእርሻ መሸጫዎች በቅርጫት ይገዛል። ለሌላው ግን ከክላርክስተን እንጀራና ሽሮ በፔርሙስና በሳህን ጭናችሁ ውጡ።

ነዋሪ ዘክላርክስተን

ተራራው በአንድ ቀን ይቻላል፤ ሁሉንም አትመኙ እንጂ። ለእናትዎና ለልጅዎ በአንድነት የሚስማማው አሚካሎላ ፏፏቴ ነው። 729 ጫማ ከፍታ ያለው ሲሆን በጎኑ 604 ደረጃዎች ተሠርተውለታል። ልጁና አባቱ ከታች ጀምረው ደረጃውን ይውጡ፤ እርስዎ ደግሞ እናትዎን ይዘው በመኪና ዌስት ሪጅ ወደተባለው ማቆሚያ ይሂዱ፤ ከዚያ ደረጃ የሌለው አጭር መንገድ ፏፏቴው መካከል ወዳለው ድልድይ ስለሚያደርስ፣ የውሃው ብናኝ ፊታችሁን እየነካ ሁላችሁም ድልድዩ ላይ ትገናኛላችሁ። ታሉላ ገደልም ድንቅ ነው፤ ጥልቀቱ ወደ 1,000 ጫማ ይጠጋል፤ በ1970 ካርል ዋሌንዳ በ65 ዓመቱ ገመድ ላይ ተራምዶ ተሻግሮታል። ዳር ዳሩን ማየት ለማንም ቀላል ነው፤ ወደ ተንጠልጣይ ድልድዩ የሚወስደው ደረጃ ግን ለጉልበት ሕመምተኛ የሚሆን አይደለም።

ሄለንን ሰዎች ያጋንኗታል። እንጨት መሰንጠቂያዋ የተዘጋባት ትንሽ ከተማ ከ1969 ጀምሮ ቤቶቿን የጀርመን ተራራ መንደር አስመስላ ቀባች፤ ከዚያ ወዲህ በቱሪስት ትኖራለች። በበጋ ቅዳሜና እሑድ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ሆኖም በአዘቦት ቀን በከመነዳሪ ላይ ተቀምጦ ቻታሁቺ ወንዝ ላይ ቀስ ብሎ መንሳፈፍ ልጆችን ያስደስታል፤ ውሃው በጁንም ይቀዘቅዛል።

ስለ ሲክስ ፍላግስ፦ ከ1967 ጀምሮ ያለ ነው፤ ልጁን ከአጎቱ ጋር ሰዳችሁ እናንተ ሌላ ቦታ ዋሉ። ለ5 ዓመት ልጅና ለአያት በዚያ ሙቀት ሰልፍ መቆም ቅጣት ነው።

የአፈር ባለሙያው

ሁላችሁም የዘለላችሁት ደቡብ ምዕራቡን ነው። ከአለማያ የተመረቅሁ የግብርና ሰው በመሆኔ ይሆናል፣ ለእኔ በጆርጂያ ከሁሉ የሚበልጠው ላምፕኪን አጠገብ ያለው ፕሮቪደንስ ካንየን ነው። እስከ 150 ጫማ ጥልቀት ያላቸው፣ ግድግዳቸው ሮዝ፣ ብርቱካንማ፣ ነጭና ወይን ጠጅ የሆኑ ሸለቆዎች ናቸው። ጎብኚው ሁሉ የተፈጥሮ ሥራ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን በ19ኛው መቶ ዘመን ጫካው ተመንጥሮ ጥጥ ያለ ክትርና ያለ እርከን ሲታረስ የተፈጠረ ቦረቦር ነው። ዝናቡ ላዩን አፈር ከወሰደ በኋላ ከሥሩ ያለውን ልል አሸዋ ይዞ ሄደ፤ በአንድና ሁለት የሰው ዕድሜ ውስጥ ቤትና እርሻ የሚውጥ ገደል ሆነ። እኛ በወሎና በጎንደር ተዳፋት ላይ በእርከንና በክትር የምንታገለው ነገር እዚያ መጨረሻው ምን እንደሚመስል ይታያል። ከላይ በአጥሩ ዳር የሚዞረው መንገድ ለሁሉም ይሆናል፤ ወደ ሸለቆው ወለል መውረድ ለሚፈልግ ግን ጭቃው ነጭ ስኒከርን ለዘለዓለም ቀይ ስለሚያደርግ አሮጌ ጫማ ያስፈልጋል። የሸለቆውን ግድግዳ መቧጠጥና መውጣት ክልክል ነው፤ የሚፈርስ ነው።

ከዚያ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ሄዳችሁ ፕሌንስ ትደርሳላችሁ። ጂሚ ካርተር በ1924 የተወለዱባት፣ በዲሴምበር 2024 ያረፉባትና ከባለቤታቸው ከሮዛሊን ጎን የተቀበሩባት መንደር ናት። የተማሩበት ትምህርት ቤት የጎብኚዎች ማዕከል ሆኗል፤ ያደጉበት እርሻም እንደነበረ ተጠብቋል። ልጆች መብራትና ቧንቧ ያልነበረውን ቤት አይተው የፕሬዚዳንት ቤት መሆኑን ለማመን ይቸገራሉ፤ እናትዎ ግን የገበሬ ጓሮ ስለሆነ ምንም አይገርማቸውም። ለእኛ አገር ሰው ሌላም ነገር አለ፦ የካርተር ማዕከል በአማራ ክልል ትራኮማን ለመከላከል ለብዙ ዓመታት ሠርቷል፤ በሴፕቴምበር 1989 ደግሞ የደርግ መንግሥትና የኤርትራ ሕዝብ ነፃነት ግንባር ተወካዮች በካርተር ሸምጋይነት የተገናኙት እዚያው አትላንታ በማዕከሉ ነበር። ማዕከሉ አጠገብ ያለው የፕሬዚዳንቱ ሙዚየም የኋይት ሐውስን ቢሮ አምሳያ ይዟል፤ ወደ ፕሌንስ መሄድ ያልቻለ እሱን ይይ።

አባ መላ

የአፈር ባለሙያው ያነሱት ታላቅ ነገር ነው። ቢሆንም ከልጆች ጋር ላለ ሰው የኦኬፈኖኪን ረግረግ ሳይጠቅሱ መቅረት አግባብ አይደለም። ፎክስተን በኩል ባለው በር ከገባችሁ በጀልባ የሚያዞሩ አስጎብኚዎች አሉ። ውሃው ከበሰበሰ ቅጠል በሚወጣው ቀለም የተነሳ ወተት ያልነካው ሻይ ይመስላል፤ ላዩ እንደ መስተዋት ስለሚያበራ ዛፉ ከላይም ከታችም ይታያል። አዞዎቹ የአርባ ምንጩን የአዞ ገበያ ላየ ሰው ትንሽና ሰነፍ ይመስላሉ፤ የአሜሪካው አዞ አፈሙዙ ሰፊ፣ ጠባዩም ከአባያና ከጫሞ አዞ የለዘበ ነው። ይህ ማለት ግን ልጅ ውሃ ዳር ይልቀቁ ማለት አይደለም።

የሦስት ልጆች እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን እንዲህ ወስነናል። አትላንታ ላይ አኳሪየሙንና የዶክተር ኪንግን ፓርክ እናያለን፤ በአንዱ ማለዳ ስቶን ማውንቴን እንወጣለን፤ ከፍሬሕይወት ጋር ስለተስማማሁ ቅርጹንም ለልጄ አሳያታለሁ። አንድ ቀን አሚካሎላ እንሄዳለን። ከዚያ በሜከን በኩል ወደ ባሕሩ ወርደን እዚያው እናድራለን። ፕሮቪደንስ ካንየን በዚህ ጉዞ አይደርስም፤ ባለቤቴ ግን ፎቶውን አይቶ በሚቀጥለው ዓመት ብሏል። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ ለማደሪያ ታይቢ ይሻላል ጄኪል? ልጄ ስለ ባሕር ኤሊዎች አንብባ ኤሊ ካላየሁ እያለች ነው።

ነዋሪ ዘክላርክስተን

ወደ አሚካሎላ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ማሳሰቢያ፦ እሱ የግዛቲቱ ፓርክ እንጂ የፌዴራል ስላልሆነ የአራተኛ ክፍሉ ፈቃድ እዚያ አይሠራም። የባለቤትዎ ወንድም ግን የጆርጂያ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ካለው የግዛቲቱን ፓርኮች የመኪና ማቆሚያ ፈቃድ እንደ መጽሐፍ መዋስ ይችላል። በበጋ ተፈላጊ ስለሆነ ቀደም ብሎ ይጠይቅላችሁ።

መምህርት ከሳቫና

ልጅዎ ኤሊ ከፈለገች ያለ ጥርጥር ጄኪል ይሁን። በደሴቱ ከ2007 ጀምሮ የባሕር ኤሊ ማዕከል አለ፤ ማዕከሉ ሆስፒታልም ስለሆነ በጀልባ መዘውር የተመታ ወይም የታመመ ኤሊ በመስተዋት ማዶ ሲታከም ይታያል። የየአንዳንዱ ታካሚ ስምና ሕመም በገንዳው ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ የማንበብ ፍቅር ላላት ልጅ ከዚህ የተሻለ የለም። ጁን ደግሞ ሎገርሄድ የተባሉት ኤሊዎች ሌሊት ከባሕር ወጥተው አሸዋው ላይ እንቁላል የሚጥሉበት ወር ነው።

ደሴቱ መኪና ሲገባ በቀን ያስከፍላል፤ ከከፈላችሁ በኋላ ግን የባሕሩ ዳርቻ ሁሉ የእናንተ ነው። በሰሜን ጫፍ ያለው ድሪፍትዉድ ቢች ባሕሩ የነቀላቸው ትልልቅ ዛፎች ከነሥራቸው ደርቀውና ነጥተው የተጋደሙበት ቦታ ሲሆን ልጆች እንደ ልባቸው ይንጠላጠሉበታል፤ ባሕሩ በሚሸሽበት ሰዓት ካልሆነ ግን መራመጃ አሸዋ አይገኝም፤ ስለዚህ የዕለቱን ሰዓት አስቀድማችሁ እዩ። በደቡብ ጫፍ ያለው ሴንት አንድሩስ ቢች ሌላ ታሪክ አለው። ዋንደረር የተባለችው መርከብ የባሪያ ንግድ በሕግ ከተከለከለ ከ50 ዓመት በኋላ፣ በኖቬምበር 1858፣ ከ400 በላይ አፍሪካውያንን በስውር ያራገፈችው በዚህ ደሴት ላይ ነው። አሁን በዚያ የተሠራው የእግር መንገድ ታሪኩን ኡምዋላ በተባለ ልጅ ዓይን በየጣቢያው እየቀነጨበ ስለሚናገር ለልጅ ጆሮ ተስማሚ ነው፤ ጥላም አለው፣ ደረጃም የለውም። ይኸው የባሕር ዳርቻ በ1950 በጆርጂያ ለጥቁሮች የተፈቀደ የመጀመሪያው የሕዝብ መዋኛ ሆኖ ነበር።

ሌሊት ኤሊ ፍለጋ በራሳችሁ አትውጡ፤ ነጭ የእጅ ባትሪና የስልክ መብራት እናቲቱን ያስደነግጣትና እንቁላሏን ሳትጥል ወደ ባሕር ትመለሳለች። ማዕከሉ በጁንና በጁላይ ባለሙያ የሚመራው የሌሊት ጉዞ ያዘጋጃል፤ ለትንሹ ልጅ ዕድሜው መፍቀዱን ስትደውሉ ጠይቁ። ቀን ልጆቹ አሸዋ ላይ የቆፈሩትን ጉድጓድም ከመሄዳችሁ በፊት ድፈኑት፤ ኤሊ ከገባችበት አትወጣም። የሌሊቱ ጉዞ ቦታ ቶሎ ስለሚያልቅ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሳትነሱ ያዙ።